አትክልቱ የታለ?

ለንደን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ለክረምት መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቀነው። ቅዳሜ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት፣ በመቀስ የተከረከመ የአትክልት ስፍራ፤ እሑድ ደግሞ የአርሴናል ስታዲየም። «ጋሼ፣ እዚህ እንዲህ ያለ ቅዳሜና እሑድ አለ?» አለኝ። ከነከነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳን አልፌ፣ ጭቃውን እያስረገጥኩ ሽቅብ እንጦጦ አወጣሁት።

በ2013 የተመረቀውን ፓርክ ሲያይ ፊቱ በራ፤ ፈረሱና ካፌው ይስባል። እኔ ግን ጎትቼ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወሰድኩት። ነጭ የተቀቡ ግድግዳዎች፣ ጸጥ ያለ ግቢ። ዞር ዞር አለና «አትክልቱ የታለ?» ብሎ ጠየቀ።

ስለ ባሕር ዛፍ በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ እንደተማረርኩ አንባቢ ያውቃል። ምንጭ ያደርቃል፣ ከስሩ ሣር አያስበቅልም ብዬ ስንቱን አስቀይሜያለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጉም ውስጥ ወደቆሙት ግንዶች ጠቆምኩና «ይኸው!» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

ደግሞስ ምን ልበለው? ምኒልክ በ1882 እዚያው እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወድደው ታች አዲስ አበባን ከቆረቆሩ ጥቂት ዓመት ሆኗል። ቀጥሎ ማገዶ ጠፋ። ንጉሡ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ፣ እዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን እዚህ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ይሄ የምጠላው ዛፍ ነው። ቤተ መንግሥቱ ይሠራበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አዲስ ዓለም ማርያም ተባለ፤ እኛም ይኸው እዚህ አለን።

ቁልቁል ስንወርድ የቅጠል ሸክም ያጎበጣቸው እናት አገኘን። ልጁ ስልኩን ሲያነሳ «ልጄ፣ እሱን ተወውና ይቺን ገመድ አጥብቅልኝ» አሉት። አጠበቀ። እጁ ተላጠ።

ዝናቡ ሲብስ ሽሮ ሜዳ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ተጠለልን። የእንግሊዝ ሊግ መክፈቻ ነው፤ አግዳሚው ሁሉ ቀይ ማሊያ። ገና ሳንሞቅ ሲግናሉ ጠፋ። ከዚህ ሌላ ምን ዕድል አገኛለሁ? ወደ አሮጌ ጠቤ ገባሁ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን፤ መንግሥቱ ወርቁና ሁለቱ የቫሳሎ ወንድማማቾች፣ ሉቻኖና ኢታሎ፣ አግብተዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ ደግሞ «በሜዳችን» ተጫውተን ነው፤ ሜዳችን ግን ሊሎንግዌ ነበር፣ ማላዊ። ለደረጃው የሚመጥን ስታዲየም አጥተን በሰው አገር እንግዳ ተቀበልን፤ የሰው አገር ጨዋታ ደግሞ ከፍለን ቤታችን እናያለን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሲግናሉ መጥቷል» አለኝ ከኋላዬ የተቀመጠ ጎረምሳ።

ልጁ እሑድን ስታዲየም ቀርቶ ደጅም አልወጣም፤ ጉንፋን ጣለው። እህቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ አከናንባ አጠነችው። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ስለ ዛፉ የጀመርኩትን ምስጋና ልጨርስ ስል፣ ከጋቢው ስር የታፈነ ድምፅ መጣ፦

«ጋሼ፣ አርሴናል ስንት ለስንት ወጣ?»