ለደቦሉ እልል እንበል

አውቶቡሳችን አንበሳ ነው። ጫማችን አንበሳ፣ ባንካችን አንበሳ። ሳንቲማችን ላይ የአንበሳ ራስ አለ። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት አንበሳ ቆሟል፤ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ደግሞ ሌላ አንበሳ አለ። ልጅ ሲጎብዝልን «አንበሳ!» ብለን ትከሻውን መታ እናደርገዋለን።

እስቲ ንገሩኝ፤ ሥጋና ደም ያላቸው አንበሶቻችን ባለፈው ዓመት ስንት ደቦል ወለዱ? ስንቱ አደገ? ከየትኛው አባት፣ ከየትኛዋ እናት? ታክሲ ውስጥ ጠይቁ፤ ቡና ጠጡ ተባብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ብታገኙ ይገርመኛል። የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች ዝውውር ግን ከነዋጋው ይነገራችኋል።

በቃ። ከዛሬ ጀምሮ እንጠይቅ።

የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1940ዎቹ መባቻ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የዘሩ መነሻ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች እንደነበሩ ይነገራል። ሰባት ብቻ! ያን ጥቁር ጎፈር ከአናቱ እስከ ደረቱ፣ አልፎም እስከ ሆዱ ሥር አንጠልጥሎ የምታዩት አንበሳ የእነዚያ ሰባት የልጅ ልጅ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ጉዳዩ የጎፈር ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የግቢውን 15 አንበሶች ዘረመል መርምረው በአፍሪካ ከሚኖሩ ስድስት የዱር አንበሳ ስብስቦች ጋር አነጻጸሩት። የእኛዎቹ ከአንዱም ጋር አልገጠሙም፤ ለብቻቸው ቆሙ። ተመራማሪዎቹም ይህ ዘር በዕቅድ እንዲራባና እንዳይጠፋ አጥብቀው መከሩ።

አያችሁ? በገንዘብ የማይተካ ነገር በእጃችን ነው። ከጠፋ ከየትም አናመጣውም።

የሚያመውንም እንንገር። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ከዚሁ ግቢ አንድ ወሬ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ፣ ሬሳቸው ቆዳ ሞልተው ለጌጥ ለሚሸጡ ነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ለጋዜጠኞች የሰጡት ምክንያት አጭር ነው፤ ቦታ የለም፣ ገንዘብ የለም። ይህን ያነሳሁት እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ እሳቸውስ ተጠይቀው እውነቱን ተናግረዋል። እኛ ነን ሳምንት አዝነን የረሳነው።

የግቢው ችግር መካንነት አልነበረም። ሴቷ አንበሳ ጠግባ ከበላችና ወንድ አጠገቧ ካለ ትወልዳለች። በ110 ቀን ገደማ፣ ሁለትም ሦስትም አራትም አድርጋ ትወልዳለች። ደቦሉ መጀመሪያ የሚታቀፍ፣ ፎቶ የሚነሱት፣ የሚያስቅ ፍጥረት ነው። ወንዱ ሦስት ዓመት ሲጠጋው ግን ከአባቱ ጋር አንድ ግቢ ማደር ያበቃል፤ የራሱ ቤት፣ የራሱ አጥር፣ በቀን ከአምስት ኪሎ ያላነሰ ሥጋ ይፈልጋል። ይህ ቀድሞ ካልታሰበበት ልደቱ ዕዳ ይሆናል። ያ ዕዳ ነው በ1999 በመርዝ የተከፈለው።

ይህ እንዳይደገም ምን እንደሚደረግ ደግሞ የታወቀ ነው። ቦታ ሲጠብ ወንዱን ከሴቷ ለይቶ ማሳደር ይቻላል። ከቆዳ ሥር በሚቀበር የሆርሞን መድኃኒት ሴቷን ለተወሰነ ጊዜ ከመፀነስ ማቆየት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን መዝገብ! ማን ከማን ተወለደ፣ መቼ ተወለደ፣ ወዴት ተዛወረ፣ በምን ሞተ።

እኛ እኮ ለልጆቻችን ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የቅድመ አያት ስም ተጠርቶ፣ ዝምድና ካለ ነገሩ ይቀራል። ከሰባት አንበሳ ብቻ ለወረደ ዘር ይህን ቆጠራ እንዴት እንነፍገዋለን? ወንድም ከእህቱ፣ አባት ከልጁ እየተዳቀለ ሲሄድ የሚወለደው ደቦል ይደክማል፣ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል፣ ወንዱም ዘር ማፍራት ይሳነዋል። ጥቁር ጎፈሩ አምሮ እየታየ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ መዝገቡን ጠይቁ። ባለፍርግርጉ ቤት ፊት እንዲለጠፍ ጠይቁ፤ የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደበት ቀን። ስም የተለጠፈለት ደቦል እንደ ዋዛ አይጠፋም። የጎደለ ዕለት የሚጠይቅለት ሰው አለውና።

አዲስ እንስሳ መጣ ሲባልም ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ። ከየት መጣ? በሉ። ማን አመጣው? እናቱስ?

ዶሎ የሚባል አንበሳ ነበር። ስሙን ያገኘው ከሶማሊያ ድንበር አጠገብ ካለችው ከዶሎ ከተማ ነው፤ እዚያ ታስሮ ተገኘ። የታሰረበት ሰንሰለት ከማጠሩ የተነሳ እንደልቡ መዞር አይችልም ነበር፤ አንገቱን ሲፈትገው ኖሮ ጎፈሩን በልቶበታል። ጎፈር የሌለው ወንድ አንበሳ አስቡ! በኋላ ሆለታ አጠገብ ወዳለው የቦርን ፍሪ ድርጅት «እንስሳ ኮቴ» የእንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ ሣር ላይ ተራመደ። ከዚያ ማዕከል አጥር ኋላ ካሉት እንስሳት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ናቸው፤ አንድ ሰው ለጌጥ፣ ለጉራ ወይም ለገንዘብ ብሎ ከእናታቸው ነጥቋቸዋል።

አቦሸማኔውማ ይብሳል። ግልገሎቹ ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከጎረቤት አገር ተሰርቀው በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ገና መንገድ ላይ፣ በረሃብና በተቅማጥ ያልቃሉ። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ደግሞ 7,000 ገደማ ናቸው።

የጅግጅጋ መንገድ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ የግልገሎቹን ድምፅ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። «ካርቶን አለኝ፣ ቀስ ብለህ አስቀምጥልኝ» ሲባል፣ ካርቶኑም ሲያለቅስ፣ እንደ ድመት ሲጮህ፣ አትጫኑ። ኬላ ላይ ተናገሩ። በዚያው በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ከልክሏል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የሕግ ድጋፍ አላችሁ፤ አትፍሩ።

ሪያድ፣ ዶሃ፣ ዱባይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ መንገዱ የሚያልቀው እናንተ ጋ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አውሬን በግለሰብ ቤት ማኖርን በ2009 ዓ.ም. በሕግ ከልክላለች፤ ቪዲዮው ግን አላቆመም። በቅንጡ መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠ አቦሸማኔ በስልካችሁ ሲመጣ አትውደዱት፣ አታጋሩት። እያንዳንዱ «ውይ ሲያምር!» የሚቀጥለውን ግልገል ዋጋ ያስወድዳል። እንጀራችሁንና መኖሪያ ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ ጥላችሁ ተጋፈጡ አልላችሁም። ያንን የሚል ሰው ስደትን አያውቅም። ጣታችሁን ብቻ ሰብስቡ።

አሁን ደግሞ ወደራሳችን።

እሑድ ከሰዓት ነው። አንበሳው ተኝቷል፤ አንበሳ ከቀን ከሌሊቱ 20 ሰዓት ያህል ቢተኛ አይገርምም። አንዱ ጎረምሳ ባዶ ሃይላንድ በፍርግርጉ ቀዳዳ ይወረውራል። «ተነሳ እንጂ! ገንዘብ ከፍለናል!» ጓደኞቹ ስልካቸውን ደግነዋል። አንበሳው አንድ ዓይኑን ይገልጣል፣ ጆሮውን ያራግፋል፣ ጀርባውን ሰጥቶ መልሶ ይተኛል። ሃይላንዱ ከእግሩ ሥር ቀርቷል። አጠገባቸው የቆመ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ አብሮ ይስቃል።

ያ አባት አትሁኑ። «ተው ወንድሜ» በሉት። እማማ፣ እርስዎ ቢቆጡት ይሰማል፤ እባክዎ ይቆጡት። የተዋጠ ፕላስቲክ የአንበሳን አንጀት ይዘጋል። ጥበቃው አንድ ነው፣ እኛ መቶ ነን።

ደቦል ተወለደ ሲባል ደግሞ በማግስቱ ለማየት አትጋፉ። በዱር ያለች እናት አንበሳ ልጆቿን ወደ መንጋው የምትቀላቅላቸው ስድስት ስምንት ሳምንት ደብቃ አቆይታ ነው። ግቢ ውስጥ ያለችውም ጨለማ ጥግና ጸጥታ ትፈልጋለች። ሁካታ ከበዛባት ልጆቿን ልትተው ትችላለች፤ አንዳንዴም ራሷ ትገድላቸዋለች። እልልታው ይቅለጥ፣ ግን ከበር ውጭ ይሁን።

አዲስ ማደሪያ ሲሠራም ከዚሁ ጀምሩ። ከተማችን የእንስሳት ማሳያዋን እየለወጠች ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መስከረም የተከፈተው አንድነት ፓርክም የጥቁር አንበሳ ማሳያ አለው። የድሮው የብረት ፍርግርግ በሰፊ ሜዳ ቢተካ ማን ይጠላል? ብቻ የምርቃት ሪባን ሲቆረጥ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የምትወልደው አንበሳ የት ትደበቃለች? አዲስ መጪው ከነባሮቹ ሳይቀላቀል ለብቻው የሚቆይበት ቤት የታለ? ከድሮው ግቢ የወጡትስ የት ገቡ? ካፌውን በኋላ እናየዋለን። እኔም ማኪያቶ እወዳለሁ፤ ግን ካፌው ቀድሞ ተሠርቶ የወላዷ ቤት «በሁለተኛው ምዕራፍ» የሚባልበትን ፕሮጀክት ማጨብጨብ ሰልችቶኛል።

ለብቻ ማቆየቱ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በ1986 ዓ.ም. ሴሬንጌቲ ላይ ከመንደር ውሾች የተነሳ ወረርሽኝ ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን ጨረሰ። ዱር ሙሉ አንበሳ! የእኛ ስንት ሆኖ ነው? ስለዚህ በግቢው ዙሪያ የምትኖሩ፣ ውሻችሁን አስከትቡ። ዛሬ። የሰፈሩንም ውሻ እንዲከተብ ለወረዳችሁ አመልክቱ። ለአንበሳ ዘብ መቆም ከዚህ ይጀምራል ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ቢሾፍቱ ያላችሁ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጥናታችሁን እዚህ አምጡት። ደም፣ ጥርስ፣ ዓይነ ምድር፣ ክብደት፤ የሚለካ ሞልቷል። መምህራን፣ ክፍላችሁ አንድ ደቦል ይምረጥ፤ ስሙን ይወቅ፣ በየወሩ ስለ እሱ ይጠይቅ። ጀርመን ያላችሁ ወገኖች፣ ያ የዘረመል ጥናት በምትኖሩበት አገር ተመራማሪዎች እጅ ያለፈ ነው፤ በራቸውን አንኳኩ፣ ለወጣት ሐኪሞቻችን የሥልጠና ቦታ ለምኑ። ሥጋ ነጋዴዎች፣ እናንተ ደግሞ ከግቢው አስተዳደር ጋር ተፈራርማችሁ፣ በሐኪም የታየ ሥጋ በቋሚነት ስጡ። ሁዳዴ ገብቶ ቄራው ሲቀዘቅዝም አንበሳ አይጾምም! ጎብኚ ግን ከቤቱ ሥጋ ይዞ አይምጣ፤ በሽታ ይዞ ይገባልና።

ጋዜጠኞች፣ ልደቱን እንደምትዘግቡት ሞቱንም ዘግቡ።

የቀራችሁ፣ ማለትም ሁላችንም፣ ለግቢው አስተዳደር ደብዳቤ እንጻፍ። አንድ ገጽ አይሙላ። አራት ነገር ይጠይቅ፦ የአንበሶቹ የዘር መዝገብ ለሕዝብ ይከፈት፤ የወላዷ ጨለማ ቤት ይሠራ፤ የመጪ እንስሳት ማቆያ ይሠራ፤ የመግቢያ ትኬቱ ገንዘብ በምን ላይ እንደዋለ በየዓመቱ ይለጠፍ። ስማችሁንና ፊርማችሁን አኑሩበት፤ ጎረቤት አስፈርሙ፣ ዕድርተኛ አስፈርሙ። ራሳችሁ ይዛችሁ ወደ መዝገብ ቤት ግቡ። ገቢ ተደርጎ ቁጥር ሲሰጣችሁ ቅጂው ላይ አስጽፉ። በ15ኛው ቀን ተመለሱ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ከተባላችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ያም ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ሆናችሁ ኑ፤ አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ።