ድልድዩን ክረምት ሳይገባ መጠበቅ ይገባል

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አካባቢ የሚገኘው የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ዛሬም የአካባቢው ገበሬ አህያውን እየነዳ ዓባይን ይሻገርበታል።

«ቅርስ የመንግሥት ነው፤ የሚጠብቀውም መንግሥት ነው» የሚል አነጋገር አልፎ አልፎ ይሰማል። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ደንግጓል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠጣርና ውኃ የማያሳልፍ ስለሆነ፣ በአሮጌ ግንብ ላይ ሲለጠፍ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ያበላሻል። ሆኖም ድልድዩን በየዕለቱ የሚያየው ባለሙያው ሳይሆን የሚሻገርበት ገበሬ ነው።

የቅስት ድንጋዮች የሚቆሙት እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው። በመጋጠሚያው የበቀለ ቁጥቋጦ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል፤ በስንጥቁ የሚገባው ዝናብም ኖራውን ያጥባል። ጎርፍ ያመጣው ግንድ በእግሩ ሥር ሲከማች ደግሞ ውኃው በድልድዩ ላይ ይበረታል።

ድልድይ ሲሰበር የሚደርሰውን ችግር ከዚያ በታች፣ በሞጣና በደቡብ ጎንደር መካከል ያለው ሰባራ ድልድይ ያስረዳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበሩት ዓመታት፣ ቅስቱ ተቆረጠ። ከ60 ዓመት በላይ ሰው በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በ2002 ክፍተቱ በብረት ቢጋጠምም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራው በ2009 ነው።

ስለዚህ በየአካባቢያቸው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ያላቸው የገበሬ ማኅበራት መሪዎች፣ በበጋው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ዘመቻ ለድልድዩም አንድ ቀን መመደብ ይገባቸዋል። ለጋ ቁጥቋጦ ይቆረጥ፤ የተከማቸ ግንድ ይነሣ፤ ከግንቡ ድንጋይ እየነቀሉ ለቤት መሥሪያ መውሰድ ይከልከል። የወፈረ ሥር ግን ድንጋዩን ይዞ ስለሚነቀል ለባለሙያ ይተው። አዲስ ስንጥቅ ሲታይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይገለጥ፤ ቅጂውም በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ።

ይህ ሥራ መጥረቢያና የአንድ ቀን ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅስቱ ከወደቀ በኋላ ግን የመንደር ጉልበት ብቻውን አያነሣውም።