የተጎዳች ጫጩት እንዴት ትታከማለች?

ባለፈው ሰሞን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በጎረቤቴ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አንዲት ጫጩት በእጁ ጨብጦ እየሮጠ መጣ። ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛት ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩቶች ፈልፍላለት ነበር። በማግስቱ ግን እናቲቱ ራሷ አንዷን ረግጣት ኖሮ፣ እግሯ ተሰብሯል፤ ከክንፏም ሥር ደም ይታያል።

«ጋሼ፣ ወተት አጠጣኋት፤ ቁስሏንም በአልኮል አጠብሁላት፤ እሷ ግን እየደከመች ሄደች። ምን ላድርግላት?» አለኝ።

እኔም ከሁሉ አስቀድሜ «እጅህን ፍታ!» አልሁት።

ይህን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ስንተነፍስ የሚያገለግለን ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ዶሮ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫጩትን አጥብቆ የጨበጠ ሰው፣ አፍንጫዋን ባይነካ እንኳ፣ ትንፋሽዋን አቋረጠ ማለት ነው። ያ ደግ ወጣት ሊያድናት ሲሮጥ ሳያውቀው እያፈናት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የተጎዳች ጫጩት ብዙ ጊዜ የምትሞትብን በቁስሏ ብቻ አይደለም፤ በብርድ፣ በጓደኞቿ ንቆራና በእኛ ችኮላ ጭምር ነው እንጂ። ስለዚህ እርዳታው ተራ አለው፤ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ መለየት፣ ከዚያ ቁስል፣ በመጨረሻ ምግብ።

ሙቀት። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት የለበሰችው ስስ ጠጉር ብቻ ስለ ሆነ የገላዋን ሙቀት ራሷ መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ጎን ጎኑ የተበሳ ካርቶን ፈልጋችሁ፣ ሙቅ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ወገን አኑሩ፤ ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ ሲሞቃት ትሸሽበታለች። አፏን ከፍታ ብታለከልክ በዝቶባታል፤ ተኮራምታ ያለማቋረጥ ብትጮህ በርዷታል። ነገር ግን ለጫጩት ብላችሁ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታኑሩ። ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይና የማይሸት መርዝ ጫጩቷንም ባለቤቷንም ይገድላል።

መለየት። ዶሮ ደም ካየች መንቆሯ አይቀርም፤ እኅትማማቾች ቢሆኑም አይተዛዘኑም። ስለዚህ ደም ያለባት ጫጩት ወዲያው ትለይ። ብቻዋን ሆና እንዳትጨነቅ አንዲት ጤነኛ ጫጩት በወንፊት ሽቦ ማዶ ብታኖሩላት ትረጋጋለች።

ቁስል። ደሙ የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ከዚያ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዛችሁ፣ አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበትና በዚያ እጠቡ። የሚታጠበው ቁስሉ ነው እንጂ ጫጩቷ አይደለችም፤ ከራሰች ትበርዳለችና ወዲያው አድርቋት። አልኮል ሕያው ሥጋ ያቃጥላል። ቅቤና ዘይትም ጠጉሯን አጣብቆ ሙቀቷን ይወስዳል። ለሰው የተሠራ ሕመም የሚያደነዝዝ ቅባትም ለወፍ ዘር አደገኛ ነው። ድመት ወይም ጭልፊት የነከሳት እንደ ሆነ፣ ቀዳዳው ከላይ ትንሽ ቢመስልም ውስጡ ጥልቅ ነውና ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያሻል። እምብርቷ ላይ ክር የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ብታዩም ከቶ አትጎትቱ፤ ደርቆ ራሱ ይወድቃል።

እግሯ የተሰበረ እንደ ሆነ ራሳቸው የተቆረጠ ሁለት የክብሪት እንጨቶች ግራና ቀኝ አድርጉ፤ ከሥራቸው ጥጥ አስገቡ፤ በቀጭን ፕላስተር ሳታጠብቁ ጠቅልሉ። ጣቶቿ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ አላሉት። ጫጩት ፈጥና ስለምታድግ ማሰሪያው በየሁለት ሦስት ቀን ይታደስ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው አጥንቱ ይገጥማል።

እግሮቿ ሳይሰበሩ ግራና ቀኝ ተንሸራተው የተከፈቱባት ጫጩትም ታጋጥማለች። የዚህ አንዱ ምክንያት የሚያንሸራትት ወለል ነው። ሁለቱን እግሮች ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አራርቃችሁ በፕላስተር ብታያይዟቸውና ሸካራ ጨርቅ ብታነጥፉላት፣ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ትቆማለች። እንግዲህ ጋዜጣ ለጫጩት አታንጥፉ፤ ይህችንም መጽሔት ቢሆን ካነበባችሁ በኋላ ለጓደኛ አውሱ እንጂ ከጫጩት እግር በታች አታድርጓት!

ምግብ። ጫጩት ስትፈለፈል የእንቁላሉን አስኳል ትራፊ በሆዷ ይዛ ስለምትወጣ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምግብ ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ ለማጉረስ አትቸኩሉ፤ የበረዳት ጫጩት ሳትሞቅ ብትበላ አይፈጭላትም። ከሞቀች በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ንከሩት። በአፏ አታፍስሱ፤ የአየሩ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ነውና ወደ ሳንባዋ ይገባል። ወተት የወፍ ምግብ አይደለም። ራሷን ችላ ስትነቁር የጫጩት መኖ ወይም ተፈርፍሮ የደቀቀ የእንቁላል አስኳል ይሰጣታል። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ጫጩት እንኳ የሰውን ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማትድንም አለች። ጀርባዋ የተሰበረ ወይም አንጀቷ የወጣ ጫጩትን ቀናት ሙሉ እንድትሠቃይ መተው ርኅራኄ አይደለም፤ በሚያውቅ ሰው እጅ ፈጥና እንድታርፍ ማድረግ ይሻላል።

የጎረቤቴ ጫጩት ግን ያን ሌሊት በጠርሙሱ አጠገብ አደረች። ወጣቱም በሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ውሃውን ለወጠላት። ሲነጋ ጮኸች፤ በሦስተኛው ቀን ነቆረች፤ ሦስት ሳምንት ሲሆናት እያነከሰች ከእኅቶቿ ጋር ትሮጥ ጀመር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? እኛ ብንቸኩልባት ኖሮ እሷ በእግሯ ባልሄደች ነበር።