ለእኔ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይበልጣል

የኃይሌ ገሪማ ምርጥ ፊልም የቱ ነው ሲባል ብዙዎቻችን «ጤዛ» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመ ነውና አይፈረድብንም። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አስቀድማለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። መጀመሪያ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰለቸኝ። ገበሬው ያርሳል፤ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ገበሬው ደግሞ ያርሳል። ሁለተኛ ሳየው አያቴ ትዝ አሉኝ፤ ጢሰኛ ነበሩ። ለእኔ የሰለቸኝ ያ ቀን ለእሳቸው ዕድሜ ልክ ነበር። «ጤዛ» የተማረውን ሰው ጭንቀት ይነግረናል፤ ይኼኛው ግን የገበሬውን ድካም ትከሻችን ላይ ያሳርፈዋል። «ረዘመ» የምትሉ ጓደኞቼ፣ እስቲ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላችሁ እዩትና ከዚያ እንከራከር።