የመጠጥን ሱስ በየዕለቱ ትግል እናሸንፍ

ደመወዝ በተከፈለ ማግስት በከተማችን የሚታየው ትርኢት ለማንም እንግዳ አይደለም። የወሩን የላብ ዋጋ በአንድ ሌሊት በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አፍስሶ ያደረ ሰው፣ በማለዳ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ከእንግዲህስ በቃኝ» ሲል ይምላል። የኪራይ ገንዘብ የሚጠብቀው አከራይ፣ የዱቤ መዝገቡን የሚያገላብጠው ባለ ሱቅ፣ ደብተር ያልተገዛለት ሕፃን ሁሉም መሐላውን ይሰማሉ። አመሻሹ ላይ ግን ያው ሰው በዚያው በር ሲገባ ይታያል። ይህንን ባየን ቁጥር ከፊላችን እንስቃለን፤ ከፊላችን ደግሞ «ወኔ ቢስ ነው» ብለን እንፈርዳለን። እኛ ግን ሳቁም ሆነ ፍርዱ አንድንም ሰው ከሱስ አላዳነም እንላለን።

በጦር ሜዳ ጥይት ያልበገረው ጀግና በአንድ መለኪያ አረቄ ፊት ሲንበረከክ ታይቷል። ስለዚህ ነገሩ የወኔ ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሱስ የአንጎልን አሠራር የሚለውጥ ሕመም መሆኑን የሕክምና ሳይንስ ያስረዳል። ሕመም ደግሞ በመሐላ ሳይሆን በሕክምናና በሥርዓት ይድናል።

ከዚህ ሥርዓት አንዱ በ12 ደረጃዎች የተከፈለው የማገገሚያ መንገድ ነው። ታሪኩ አስተማሪ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክረን ከተማ፣ ኦሃዮ፣ ይሄዳል። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል። ሥራው ከሽፎበት በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ሲንጐራደድ የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ይጠራዋል። በዚያች አስጨናቂ ሰዓት ወደ ስልኩ ሄዶ እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሌላ ሰው አፈላልጎ አገኘ፤ እርሱም ዶክተር ሮበርት ስሚዝ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ሐኪሙ የመጨረሻ መጠጡን የጠጣበት ሰኔ 10 ቀን 1935፣ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ዕለት ሆኖ ይቆጠራል። ልብ እንበል! ቢል ስልክ የደወለው ሌላውን ለማዳን ብቻ ሳይሆን ራሱ እንዳይወድቅ ነበር። የማኅበሩ ምሥጢር ሁሉ በዚህች ድርጊት ውስጥ ይገኛል።

ደረጃዎቹ በሐሳባቸው ለእኛ ሩቅ አይደሉም። የመጀመሪያው መጠጥን ብቻውን መቋቋም እንዳቃተው አምኖ መቀበል ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ አበው፣ ያለዚህ እምነት ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ሰው ከራሱ በላይ በሆነና እርሱ በሚረዳው ኃይል ይታመናል፤ የሕይወቱን ስሕተት ያለ ርኅራኄ ይመረምራል፤ የመረመረውንም ለፈጣሪው፣ ለራሱና ለአንድ ለሚያምነው ሰው ይናዘዛል። ከዚያም የበደላቸውን ሰዎች ዘርዝሮ፣ ሌላ ጉዳት የማያስከትል እስከሆነ ድረስ፣ በደሉን በተግባር ይክሳል። ንስሐንና ሽምግልናን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይችልም። ካሳው ግን ጉልበት ስሞ መመለስ ብቻ አይደለም፤ የሱቁን ዱቤ መክፈል፣ የጠፋውን የዕቁብ ገንዘብ መተካት፣ ከሁሉም በላይ ለሚስትና ለልጆች የታመነ ሰው ሆኖ በሰዓቱ ወደ ቤት መግባት ነው።

ሆኖም ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ነው። ወታደር ጠመንጃውን የሚወለውለው በተኮሰበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ሳይተኩስም ዝገት እንዳይበላው በየጊዜው ይፈታዋል፣ ያጸዳዋል። አሥረኛው ደረጃ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ሰውየው ማታ ከመተኛቱ በፊት «ዛሬ ማንን አስቀየምሁ? ምን ዋሸሁ? ምን ፈራሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥፋት ካገኘም ሳያድር ያርማል። «ለዘለዓለም አልጠጣም» ብሎ በማይችለው ሸክም ራሱን አያስጨንቅም፤ ዛሬን ብቻ ሳይጠጣ ለመዋል ይታገላል። ነገ ደግሞ የነገ ትግል ነው። በመጨረሻም ያገኘውን ለሌላው ሱሰኛ ያካፍላል። በዚያ ስብሰባ ማዕረግ የለም፤ የአባልነት ክፍያ የለም፤ የሰው ስምና የሰማውን ነገር ይዞ መውጣትም ነውር ነው።

ይህ መንገድ ብቸኛው መድኃኒት ነው አንልም። ይሁን እንጂ በ2020 የወጣ፣ 27 ጥናቶችን የመረመረ የኮክሬን ግምገማ፣ ከመጠጥ ፈጽሞ ለመታቀብ ወደዚህ ማኅበር በሥርዓት የሚመራው ሕክምና ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስና አንዳንዴም እንደሚበልጥ አመልክቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሊሰመርበት ይገባል። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታና ቅዠት ሊያገኘው፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሐኪም ክትትል ማሳለፍ አለበት።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ለማቆም የሚታገለውን ሰው በግብዣ ላይ «በሞቴ» እያልን ብርሌ የምናስጨብጠው እኛ ነን። «አንድ ብቻ ምን ይለዋል?» የሚለው ፍቅር የሚመስል ቃል የስንት ወር ትግል በአንድ ምሽት አፍርሷል። አለመጠጣቱን እንደ ንቀት፣ እርዳታ መጠየቁን እንደ ውርደት መቁጠር ይብቃን። የጦር ጓድ ለጓዱ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ «ዛሬስ እንዴት ዋልህ?» ብሎ ይጠይቅ። ወድቆ ከሆነም ነገ እንዲነሣ እጁን ይዘርጋለት። ከሱስ የተረፈ አንድ ሰው ለቤተሰቡ አባት፣ ለክፍሉ አለኝታ፣ ለከተማው ዜጋ ሆኖ ይመለሳልና፣ ትግሉን ለብቻው አንተውለት!