«አላባረርንሽም፣ ኮንትራትሽ ነው ያለቀው»

መሐል ሜዳ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነበር። የአገሩን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማዋ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናትና ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ሁሉ ምድጃ ዳር ይሰበሰባል። እህቴ እንዝርቷን ይዛ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ልጇ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች። ይቺ ልጅ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባች ሲባል የሰማሁት አምና ነው፤ ደስ ብሎኝ ደውዬላትም ነበር።

«ፈቃድ ወጥተሽ ነው?» አልኳት።

እህቴ እንዝርቷን አቆመች። ልጅቷ «ኮንትራቴ አልቆ ነው ጋሼ» አለችኝ። ብድግ ስትል ሆዷን አየሁት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ እዚያው ደብረ ብርሃን የቀን ሥራ ይሠራል፤ የቤት ኪራዩ ሲከብዳቸው እሷ ወደ እናቷ መጣች።

የፋብሪካውን ስም አልጽፍም። አንደኛ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሁለተኛ ስሙን ብጽፍ አንባቢ «ያ ፋብሪካ መጥፎ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ነገሩ ግን የአንድ ፋብሪካ አይደለም።

ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ የፈረመችውን ወረቀት ሁሉ በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። አራት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው የ45 ቀን። ሁለተኛው የሦስት ወር። ከዚያ «ዕረፍት ውጡ» ተብለው ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው የሦስት ወር። አራተኛውም የሦስት ወር። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ «የቅጥር ቀን» የሚለው ቦታ አዲስ ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ይቺ ልጅ አራት ጊዜ አራት ቦታ የተቀጠረች ይመስለዋል። እሷ ግን አሥራ አንድ ወር ያህል የተቀመጠችው አንድ የስፌት ማሽን ላይ ነው፤ አለቃዋም አንድ፣ የምትሰፋውም ያንኑ እጅጌ።

«ታዲያ ሥራው አልቆ ነው ያስወጡሽ? ማሽኑ ቆመ?»

«ምን ይቆማል ጋሼ! ዕቃዬን ልወስድ በማግሥቱ ስሄድ ሌላ ልጅ ተቀምጣበታለች። የሞላሌ ልጅ ናት።»

እኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ኮንትራት አለቀ የሚባለው ሥራው ሲያልቅ ነው። እዚህ ያለቀው ሥራው ሳይሆን ሠራተኛዋ ናት።

እርጉዝ መሆኗን ያወቁት በአራተኛው ወረቀት መሐል ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ልጅ እንዲያውም በትሕትና ነው የሸኛት። «አላባረርንሽም እኮ እህቴ፣ ኮንትራትሽ ነው ያለቀው» ነው ያላት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ አንብቧት። «ማባረር» ዋጋ አለው። አሠሪ ሠራተኛ ሲያሰናብት ምክንያት ይጠየቃል፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ እንደ ሁኔታው የስንብት ክፍያ አለ፣ ካሳም ሊከተል ይችላል። ነፍሰ ጡርን ማሰናበት ደግሞ ሕጉ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። «ማለቅ» ግን ነጻ ነው። ማንም አላደረገውም፣ ቀኑ ነው የደረሰው። እንደ ክረምት በቃ፣ በራሱ ጊዜ መጣ።

ሒሳቡን እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ቢያንስ የአራት ወር ደመወዝ ማለት ነው፣ ያውም እሷን የሚተካ ሰው ሳይቆጠር። በአንደኛው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ሕመም ሲመጣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል። ጡረታ ሲባል ደግሞ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጥና አሠሪው 11 በመቶ ከኪሱ ይጨምራል። 3,000 ብር የሚከፈላት ልጅ ብትሆን የአሠሪው ድርሻ በወር 330 ብር ነው። ትንሽ ትመስላለች አይደል? 200 ልጆች ላይ ብታሰሏት ግን በወር 66,000፣ በዓመት 792,000 ብር ትሆናለች። አሁን ኮንትራቱ ለምን በየሦስት ወሩ እንደሚታደስ ገባችሁ?

የ45 ቀኗ ነገር ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ ጣሪያው 45 ቀን ነበር። አዲሱ አዋጅ ወደ 60 የሥራ ቀን አሳድጎታል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያም ያለ ስንብት ክፍያም ይሸኛል። ስለዚህ ብልጦቹ አሠሪዎች ከሙከራው ጣሪያ ሳትደርሱ ያስወጧችሁና ከሳምንት በኋላ በአዲስ ወረቀት ይጠሯችኋል። ሕጉ ተቀየረ፣ 45 ግን አፍ ላይ ቀረች።

እና ሕጉ ይሄን ይፈቅዳል ወይ? እኔም እንደ ብዙ ሰው «ፈርማለች፣ ምን ታደርገዋለች» ብዬ ነበር የማስበው። አዋጁን ቁጭ ብዬ ሳነበው ነው የደነገጥኩት። አንቀጽ 9 የሚነሳው ከተቃራኒው ነው፤ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፣ ቋሚ ማለት ነው። ከዚህ የሚወጡት በአንቀጽ 10 የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ናቸው። ፈቃድ የወጣ ወይም የታመመ ሰውን መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት ሲመጣ፣ አደጋ ለመከላከል የሚሠራ አጣዳፊ ሥራ፣ ወቅት እየጠበቀ የሚመጣ ሥራ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራ፣ እነዚህንና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። «አሠሪው ወጪ መቀነስ ሲፈልግ» የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ። ዓመቱን ሙሉ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ የስፌት መስመር በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ጥያቄው ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ ሳይሆን ሥራው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ወረቀት ባይኖር እንኳ ሕጉ ሠራተኛውን መብት አልባ አያደርገውም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም።

እህቴ ይሄን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ «እኛ ቤት የነበረው እረኛ እንኳ የሚቀጠረው ለዓመት ነበር። በርኖሱም ከኛ፣ ሲታመምም የምናስታምመው እኛ» አለች። እውነቷን ነው፣ ግን ድሮን ቅዱስ አላደርገውም፤ እረኛ ዓመት አገልግሎ ደመወዙን ሲከለከልም በዓይኔ አይቻለሁ። ልዩነቱ የከለከለው ሰው ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቀው ነበር፣ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። ዛሬ የባንክ በር ላይ ሌሊቱን የሚያድረውን ጥበቃ «የባንኩ ሠራተኛ ነህ?» ብትሉት «የኤጀንሲው ነኝ» ይላል። ኤጀንሲውን ስትጠይቁ ከባንኩ ጋር ያለን ውል አልቋል ይላችኋል። የፅዳት ሠራተኞችም እንደዚያው። ሁለት አሠሪ ያለው ሰው አንድም አሠሪ የሌለው ሆኖ ይገኛል።

እኔም ቀምሻታለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ሦስት ዓመት በሰዓት እየተከፈለኝ አስተምሬያለሁ፤ ስማችን «ፓርት ታይመር» ነበር። ሰዓቴ ሲደመር ከአንዳንድ ቋሚ መምህራን ይበልጥ ነበር። ፈተና አርመህ ስታድር ሰዓት አይቆጠርም። ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ቀን ብቀር የሁለት ቀኑ ተቆረጠ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ «መስከረም እንገናኝ» ነው። አስተማሪ ሐምሌና ነሐሴ አይበላም መሰለኝ። የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጓደኞቻችሁን ጠይቋቸው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚል ውል የፈረሙ አታጡም። እኔ ያኔ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ከመጠየቅ መስከረምን ማጣት ፈርቼ ነው። ይህቺ ፍርሃት ናት እንግዲህ የአሠራሩ ሁሉ ሞተር። ለመታደስ የምትጠብቅ ሰው ማኅበርም አትገባም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ የት ሄደ ብላም አትጠይቅም። ሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት አሥር ሰው ይበቃል ይላል ሕጉ። የሦስት ወር ኮንትራት ያላቸው አሥር ልጆች ግን አጀንዳ ይዘው እስኪሰበሰቡ አምስቱ «አልቀዋል»።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፣ የፋብሪካም ብቻ አይደለም። በስልካችሁ የምትጠሩትን ሾፌርና ምግብ የሚያመጣላችሁን ባለ ሞተር አስቡ፤ «አጋር» እንጂ ሠራተኛ አይባሉም። ለንደን የኡበር ሾፌሮች ይሄንኑ ጥያቄ ይዘው ለዓመታት ተከራክረው፣ የካቲት 2013 ዓ.ም. የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሠራተኞች ናቸው አለ። ዝቅተኛ ደመወዝና የሚከፈልበት ዕረፍት ይገባቸዋል ማለት ነው። ዳኞቹ የውሉ ወረቀት በሰጠው ስም ላይ አልቆሙም፤ ዋጋውን ማን ይወስናል፣ ሥራውን ማን ይቆጣጠራል ብለው ነው የጠየቁት።

የአሠሪዎቹንም ወገን ሰምቻለሁ። ትዕዛዝ ዛሬ አለ ነገ የለም ይላሉ፤ ውሸት አይደለም። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ስትወጣ ልብስ ሰፍተው ወደዚያ ይልኩ የነበሩ ፋብሪካዎች ላይ የደረሰውን አይተናል። የአካባቢያችን ሰላም ማጣትና የመንገድ መዘጋትም አለ። ግን ሕጉ ለዚህ በር አለው እኮ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ የሚቀነስበት ሥርዓት በአዋጁ ተጽፏል፤ ድንገት ለሚበዛ ሥራም ጊዜያዊ መቅጠር ይቻላል። የገበያው አደጋ እውነት ከሆነ አሠሪውም ይሸከመዋል፣ ሠራተኛዋም ትሸከመዋለች። አሁን ያለው አሠራር ሙሉውን ሸክም የሚጭነው የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ላይ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው ልመለስ፣ ምክንያቱም ጊዜ የለንም። ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር ይርጋ የሚባለውን ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ይወድቃል። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉ ክፍያዎች ደግሞ 6 ወር ነው ያላቸው። አሠሪው ሕጉን ባያሸንፍ ቀን መቁጠሩን ያሸንፋል። ልጅቷ ከወጣች ሁለት ወር ከአራት ቀን ሆኗታል። ይቺ ወሬ ደርሳኝ የመጣሁት በጥምቀት ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር።

እና ያን ማታ የሠራነው ሥራ ይሄ ነው። አራቱን ውሎች ከነፊርማቸው በቅደም ተከተል አስቀመጥን። ደመወዝ የገባባቸውን የባንክ መልእክቶች ከስልኳ ላይ ፎቶ አነሳን፤ እነሱ ናቸው ያለማቋረጥ መሥራቷን የሚመሰክሩት። የሁለት ሳምንቱ «ዕረፍት» ሲነገራቸው አለቃቸው በቴሌግራም ግሩፕ የጻፈው መልእክት አለ፤ «በ15ኛው ቀን ሁላችሁም ቦታችሁ ላይ እንድትገኙ» ይላል። ቦታችሁ! አዲስ ተቀጣሪ ቦታ አለው እንዴ? እሱንም ያዝነው። የጤና ጣቢያውን የእርግዝና ክትትል ካርድ ጨመርን።

ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚል አልገምትም። መጀመሪያ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውን እናነጋግራለን፤ ካልሆነ ክስ እንከፍታለን፣ ለዚህ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። እህቴ ግን ልቧ አልረጋም። «ባለሥልጣን ጋር ምን አጣላት፣ ስትወልድ መልሰው ይቀጥሯት ይሆናል» ትላለች። እኔም በሦስት ዓመቴ ያልኩት ይሄንኑ ስለነበር አልተቆጣኋትም።

ሰኞ መኪና ከተገኘ በሞላሌ፣ በጣርማ በር አድርገን ደብረ ብርሃን እንገባለን። ልጅቷ ፎቶዎቹን ወደ እኔ ስልክ እየላከች ነው፤ ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው፣ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ቆሟል። «የተቀመጥሽበትን ማሽን ቁጥር ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«14 ነው ጋሼ። የቀኝ ፔዳሉ ትንሽ ይይዛል።»

እሱንም ጻፍኩት።