ንድፉ ለማን ነው?
የሥነ ሕንጻ ተማሪ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ንድፉን በደቂቃዎች ያወጣል፤ ባጠለቀው መነጽርም ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ ይመላለሳል። ታላቅ እመርታ መሆኑ አያጠያይቅም። ሊጤን የሚገባው መሠረታዊ ጥያቄ ግን መሣሪያው ማንን ያገለግላል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ገበሬዎች የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለቀው ደባርቅ ሠፈሩ። ለሰውም ለከብትም መጠለያ የነበረው ጎጆ ከኋላ ቀረ። ማሽን የሚያውቀው የተመገበውን ብቻ ነው፤ የግጭን ጎጆና የደባርቅን ብርድ ያላስተማሩት እንደሆነ የሌላውን አገር ቤት ይደግማል።

ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ወደ ደባርቅና ዳባት ይውረድ፤ ጎጆውን ይለካ፤ ባለቤቱን ይጠይቅ። ከዚያም መነጽሩን ለገበሬው ያጥልቅለት። ግድግዳው ሳይቆም «ምድጃው እዚህ አይሆንም» የማለት መብት የነዋሪው ነውና!